አኒ ኦንድራ፦ በሌላ ሴት ድምፅ የተናገረችው ተዋናይት

በ1929 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ ለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የኤልስትሪ ስቱዲዮ «ብላክሜይል» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ይቀርጽ ነበር። መሪ ተዋናይቱ አኒ ኦንድራ ናት። ቀረጻው ተጀምሮ ሳለ የፊልሙ ባለቤት ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ ድምፅ እንዲገባበት ፈለገ። የአሜሪካ ተናጋሪ ፊልሞች ገበያውን እየያዙት ስለነበር፣ በዚያ ሰዓት ዲዳ ፊልም ብቻ ይዞ መቅረት ያሰጋ ነበር።

የታሪኩ ባለቤት አሊስ ኋይት የለንደኑ የቼልሲ ሰፈር የባለሱቅ ልጅ ናት። አባትና እናቷ እንግሊዛውያን ናቸው፤ እጮኛዋ የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) መርማሪ ነው። አኒ ኦንድራ ግን ያደገችው ፕራግ ነው፤ እንግሊዝኛ ስትናገር የቼክ ቅላፄዋ ወዲያው ይታወቃል። ዲዳ ፊልም ላይ ይህ ማንንም አያሳስብም ነበር። እንዲያውም ሂችኮክ ራሱ ከዚህ ፊልም በፊት በሠራው «ዘ ማንክስማን» ላይ «ማን» በምትባለው የብሪታንያ ደሴት የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ አድርጎ ቀርጿት፣ የት አገር ሰው ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በጥቂት ወራት ልዩነት፣ በዚያው ዳይሬክተርና በዚያው ስቱዲዮ፣ ያቺው ሴት መናገር ስላለባት ብቻ ለእንግሊዛዊት ልጅነት የማትሆን ሆና ተገኘች።

ብዙ የፊልም ታሪክ ጽሑፎች ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ቅላፄዋ ከባድ ስለነበር ድምፅ ሲመጣ ሥራዋ አበቃ ይላሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። ኦንድራ ትልልቅ ተናጋሪ ፊልሞቿን የሠራችው ከ«ብላክሜይል» በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር የተዘጋባት በር ከተሰጥኦዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የዘጋው በ1929 የድምፅ ቴክኒክ ገና ያልደረሰበት ነገር ነው፤ ከዚህ በታች የሚታየውም ያ ነው።

ኤልስትሪ እስክትደርስ

ኦንድራ በሜይ 15 ቀን 1902 ያኔ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሥር፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በታርኑፍ ከተማ ተወለደች። አባቷ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር መኮንን ነበሩ። ቤተሰቡ ቼክ ስለሆነ ያደገችው ፕራግ ነው፤ ሙሉ ስሟም አና ሶፊ ኦንድራኮቫ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ሳለች ፊልም ውስጥ ገባች፤ ከተዋናይና ዳይሬክተር ካሬል ላማች ጋርም በሥራም በፍቅርም ተጣመረች። ከሁለቱ ጋር ካሜራማኑ ኦቶ ሄለርና የፊልም ደራሲው ቫጽላቭ ቫሰርማን ተደምረው በቼክ ሲኒማ «ብርቱዎቹ አራት» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። በ1920ዎቹ አብረው የሠሯቸው ፊልሞች ቀልድና ሩጫ የበዛባቸው ናቸው። ኦንድራ ትወድቃለች፣ ትንጠለጠላለች፣ ትሮጣለች፤ ፊቷ በአንድ ቅጽበት ከሳቅ ወደ ድንጋጤ ይለወጣል። በአውሮፓ ሰውነቷን ለኮሜዲ ለማዋል እንደእሷ የደፈሩ ቆነጃጅት ተዋናዮች ጥቂት ነበሩ። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ «ብላክሜይል» ላይ ያዳናት ይኸው የሰውነት ጥበብ ነውና።

የድምፅ ሙከራው

መጀመሪያ ታስቦ የነበረው የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅልል ብቻ እንዲናገር ነው። ሂችኮክ ግን ሙሉ ፊልሙ ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ገምቶ ገና ከመነሻው በዚያ አስተሳሰብ ይቀርጽ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። አርሲኤ ፎቶፎን የተባለው የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ስቱዲዮው ሲገባ ለኦንድራ የድምፅ ሙከራ ተደረገላት። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው ይህ ቅንጭብ እስከ ዛሬ ተርፏል።

ሂችኮክ አጠገቧ ቆሞ በእንግሊዝኛ ያናግራታል። እንድትፈታ ብሎ ይሁን ለማሳፈር ነውር ያዘለ ቀልድ ይወረውርባታል፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን ታዞራለች። ድምፅዋ ጥርት ያለና ቀለል ያለ ነው። የምትለው ሁሉ ይሰማል፤ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር የለውም። ቅላፄው ግን አለ፤ የቼልሲ ሱቅ ውስጥ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት ቢባል የሚያምን እንግሊዛዊ አይገኝም። የእንግሊዝ ተመልካች ከሰው አነጋገር የተወለደበትን ሰፈርና የቤተሰቡን የኑሮ ደረጃ ጭምር የሚለይ ነው፤ አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

ለምን በኋላ ድምፅ አልተጨመረላትም?

ዛሬ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲቀርብ ምስሉ አስቀድሞ ተጠናቅቆ ይመጣል፤ ተዋንያኑ ስቱዲዮ ገብተው ከንፈር እያዩ ይናገራሉ፤ ካልተሳካ ያችኑ መስመር ብቻ ይደግሟታል። በ1929 ኤልስትሪ ውስጥ ይህ አይቻልም ነበር። ምክንያቱ በድምፅ አቀዳዱ ውስጥ ነው።

በፎቶፎን ሥርዓት ማይክሮፎኑ የተቀበለው ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ወደ ሚርገበገብ ብርሃን ይለወጥና በፊልም ላይ ፎቶግራፍ ሆኖ ይታተማል። ለሲኒማ ቤት በሚላከው ቅጂ ላይ ድምፁ ከምስሉ ጎን፣ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ በሆነች ጠባብ መስመር፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይታያል። የተቀዳው ነገር ፎቶግራፍ ስለሆነ ሳይታጠብና ሳይታተም አይሰማም። ሁለተኛ ድምፅ ልጨምርበት የሚል ሰው ያንን አጫውቶ እንደገና ወደ ሌላ ፊልም መቅዳት አለበት፤ በያንዳንዱ ግልበጣ ደግሞ የፊልሙ ቅንጣት የሚያመጣው ሹክሹክታ ይጨምራል፣ የድምፁ ጥራት ይቀንሳል፣ በተለይም «ሰ» እና «ጸ»ን የመሰሉት ፉጨት ያላቸው ድምፆች ይደበዝዛሉ። ጫፍና ጫፉ እንደ ቀለበት የተያያዘ ቁራጭ ፊልም ደጋግሞ እያሳዩ ከንፈር ማስያዝም ገና የተደላደለ አሠራር አልሆነም። ስለዚህ ተዋናይ የሚናገረው በካሜራው ፊት፣ በዚያችው ደቂቃ ነበር።

በዚህ ላይ የካሜራው ጣጣ አለ። የዲዳ ፊልም ካሜራ ፍጥነቱ እንደፈለጉት ይለዋወጣል። ድምፅ ሲኖር ግን ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በደቂቃ 27 ሜትር ገደማ፣ አንዲት ፍንክች ሳይል መሮጥ አለበት፤ ፍጥነቱ ከዋዠቀ ድምፁም ይዋዥቃልና። ካሜራው ደግሞ ይጮኻል። ጩኸቱ ማይክሮፎን ውስጥ እንዳይገባ ካሜራውንም ካሜራማኑንም ድምፅ በማያሳልፍ ጎጆ ውስጥ ከትቶ በመስታወት በኩል መቅረጽ የዚያ ዘመን መፍትሔ ነበር። ከዚያ ጎጆ ውስጥ ሆኖ ተዋናይን ተከትሎ መንቀሳቀስ ከባድ ነው።

እንግዲህ የነበረው ምርጫ ጠባብ ነው። ተዋናይቱን መለወጥ አንዱ ነው፤ ነገር ግን በዲዳው ቀረጻ የተሠራው ሁሉ በእሷ ፊት የተሠራ ነው። ለንጽጽር የሚረዳ ነገር አለ፤ የፖሊስ አዛዡን ክፍል በዲዳው ቅጂ ሳም ሊቭሴይ፣ በተናጋሪው ሃርቪ ብራባን ነው የሚጫወተው። ትንሽ ክፍልን እንዲህ መቀየር ይቻላል፤ አሊስን ግን መቀየር ፊልሙን ከዜሮ መጀመር ነው። አሊስን የውጭ አገር ልጅ ማድረግም አያስኬድም፤ በፊልሙ ውስጥ አብረዋት የሚታዩት እንግሊዛውያን ወላጆቿ እነማን ሊባሉ ነው? የቀረው መንገድ በሌላ ሴት ድምፅ ማናገር ሆነ፤ እሱም እዚያው፣ ካሜራው እየዞረ።

አሠራሩ

ድምፅዋን ያዋሰቻት ጆአን ባሪ የምትባል እንግሊዛዊት ተዋናይት ናት። ሂችኮክ በኋላ እንደገለጸው ባሪ ከምስሉ ክልል ውጭ የራሷን ማይክሮፎን ይዛ ትቆማለች፤ ኦንድራ በካሜራው ፊት ቃሉን ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ብቻ ትለዋለች። የሌሎቹ ተዋንያን ድምፅና የባሪ ድምፅ በዚያው ቅጽበት አንድ ላይ ተቀላቅለው በአንድ መስመር ይቀዳሉ።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን አንዲት ገጸ ባሕርይ ሁለት አካል ሆነች ማለት ነው። ባሪ የኦንድራን አፍ ማየት አለባት፣ ካሜራው ግን እሷን ማየት የለበትም። ኦንድራ የባሪን ትንፋሽ መጠበቅ አለባት፤ አፏን ቀድማ ከከፈተች ድምፅ ሳይወጣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ከዘገየች ደግሞ የተዘጋ አፍ ይናገራል። እጮኛዋን የሚጫወተው ጆን ሎንግደን ደግሞ መልሱን ከጎን በኩል እየሰማ ዓይኑን ከኦንድራ ፊት ሳይነቅል መቆየት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ቢስት የሚጣለው ሙሉው ቀረጻ ነው፤ አንዲት ቃል ነቅሎ ሌላ መተካት የለምና።

ይህ አሠራር በትወናው ላይ የተወው ምልክት በግልጽ ይታያል። አሊስ ስትናገር ቃላቷ አጫጭር ናቸው፤ ከመናገሯ በፊት ጥቂት ታመነታለች። ራሷን ቀና ሳታደርግ፣ አንዳንዴም ፊቷን ከፊል ዞር አድርጋ ትመልሳለች። ፕራግ ውስጥ እንደ ንብ የምትፈጥነዋ ሴት እዚህ ላይ ታስራለች። ደግነቱ ታሪኩ አገዛት፤ ከወንጀሉ በኋላ አሊስ በድንጋጤ የደነዘዘች ስለሆነች ማመንታቷ የገጸ ባሕርይዋ ሆኖ ይነበባል። ችግሩ የሚጎላው ከወንጀሉ በፊት፣ ገና ተጫዋችና ቀበጥ ሆና ከእጮኛዋ ጋር በምትነታረክበት ክፍል ነው። እዚያ ፊቷ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይጎተታል።

ሌላም ጉድለት አለ። የባሪ እንግሊዝኛ የመድረክ እንግሊዝኛ ነው፤ የተቀባና የላይኛው መደብ ቃና ያለው። የጋዜጣና የትምባሆ ሱቅ ልጅ እንዲህ አትናገርም። የቼክን ቅላፄ ለመሸሽ የተኬደበት መንገድ ሌላ የማይገጥም ቅላፄ ይዞ መጣ። ይህኛው ግን እንግሊዛዊ ስለሆነ ታለፈ። በዚህ ሥራ ውስጥ ፍርዱ ከጆሮ ይልቅ ከልማድ እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የቁርሱ ትዕይንት

ፊልሙ ላይ ድምፅን እንደ ጥበብ መሣሪያ የተጠቀመ ነው ተብሎ በየፊልም ትምህርት ቤቱ የሚታየው አንድ ትዕይንት አለ። በቀደመው ሌሊት አሊስ አንድ ሠዓሊ ቤት ሄዳ፣ ሊደፍራት ሲታገላት በዳቦ ቢላዋ ገድላዋለች። ጠዋት ቁርስ ላይ ከወላጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ወሬኛ ጎረቤት በር ላይ ቆማ ስለ ግድያው ትለፈልፋለች። ካሜራው የአሊስን ፊት ይዞ ይቆማል። የጎረቤቷ ወሬ ቀስ በቀስ ወደ ማጉረምረም ይወርድና አንዲት ቃል ብቻ ጥርት ብላ ትወጣለች፤ «ቢላዋ»። እንደገና ጉርምርምታ፣ እንደገና «ቢላዋ»። አባቷ ዳቦ ቁረጪልን ይሏታል። እጇ ወደ ዳቦው ቢላዋ ይሄዳል፤ ጣቶቿ ገና ሲነኩት ያቺ ቃል በጩኸት ትመጣለች፣ ቢላዋውም ከእጇ ተወርውሮ ይወድቃል።

ይህን ትዕይንት ሲያደንቁ ሁሉም የሚጠሩት ሂችኮክን ነው። ነገር ግን የኦንድራን ፊት ብቻ መርጦ ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። አሊስ እዚህ የምትናገረው ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ ባሪ ከመካከል ወጥታለች፤ ኦንድራ ብቻዋን ናት። ያቺ ቃል በተደጋገመች ቁጥር ትልቅ እንቅስቃሴ አታሳይም። ዓይኖቿ ይጠባሉ፣ ትከሻዋ በጥቂቱ ይነሳል፣ ቢላዋውን የምትይዘው እጅ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ድምፁ ሥራውን የሚሠራው የሚያርፍበት ፊት ስላገኘ ነው። የዲዳ ፊልም ልምድ ያላት ተዋናይት ባትሆን ያ ድምፅ መሬት ላይ በቀረ ነበር።

ግድያው ራሱም በአብዛኛው ያለ ቃል የተሠራ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ይታገላሉ፤ እጇ ወጥቶ በዳሰሳ ከዳቦው አጠገብ ያለውን ቢላዋ ያገኛል፤ ትንሽ ቆይቶ መጋረጃው ጸጥ ይላል። ከዚያ ቢላዋውን እንደያዘች፣ በውስጥ ልብሷ፣ በዝግታ ትወጣለች። ቀሚሷን ትለብሳለች። ከሠዓሊው ጋር ሆና በሣለችው ሸራ ላይ ያኖረችውን ስሟን በቀለም ታጠፋለች። ቀጥሎ ለንደንን በእግሯ ስትዞር የምታድርበት ክፍል አለ፤ የመጠጥ ማስታወቂያው መብራት ቢላዋ መስሎ ሲወጋ ይታያታል፤ የሰው ክንድ ተዘርግቶ ባየች ቁጥር የሟቹ ክንድ ይሆንባታል። በነዚህ ሁሉ ረጃጅም ክፍሎች የባሪ ቃል እምብዛም የለም። ፊልሙ ዛሬም የሚታየው በእነዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ

«ብላክሜይል» በዚያው 1929 ወጥቶ ትልቅ ገቢና ሙገሳ አገኘ። ማስታወቂያው የብሪታንያ የመጀመሪያው ሙሉ ተናጋሪ ፊልም እያለ አሞካሸው። የባሪ ስም በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ባሪ ግን ሂችኮክ በ1931 በሠራው «ሪች ኤንድ ስትሬንጅ» ላይ በገዛ ፊቷና በገዛ ድምፅዋ መሪ ተዋናይት ሆነች። ኦንድራ ሌላ የእንግሊዝኛ ፊልም አልተሰጣትም።

እሷም ቁጭ ብላ አላዘነችም። በ1930 ከላማች ጋር በርሊን ላይ ኦንድራ-ላማች ፊልም የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ያ ዘመን አንድን ፊልም በአንድ ዝግጅትና በአንድ ልብስ በሁለት ሦስት ቋንቋ መቅረጽ የተለመደበት ነበር፤ ድምፅ መተካት ስለማይቻል ለየአገሩ ገበያ ፊልሙ ራሱ ተደግሞ ይሠራል። ብዙ ተዋንያን በዚህ አሠራር ከአገራቸው ቋንቋ ውጭ ተተኩ። ኦንድራ ግን ቼክኛም ጀርመንኛም ስለምትችል በሁለቱም ራሷ ትጫወት ነበር። በ1931 ከቼኩ ኮሜዲያን ቭላስታ ቡሪያን ጋር የሠራችው «እሱና እህቱ» በቼክኛም በጀርመንኛም ተቀርጿል። በዚያው ዓመት በ«ዲ ፍሌደርማውስ» የገረዲቱን የአዴሌን ክፍል እየዘፈነች ተጫወተች። «ኪኪ» በ1932 ተከተለ። እንግሊዝ አገር አፏን የዘጉባት ሴት በመካከለኛው አውሮፓ በዘፈኗና በንግግሯ ገበያ የምትሞላ ኮከብ ነበረች።

ታዲያ ለምን ተረሳች? አንዱ ምክንያት ባለቤት አገር ማጣቷ ነው። በፖላንድ ምድር ተወልዳ፣ ቼክ ሆና፣ በእንግሊዝ ታሪክ ሠርታ፣ በጀርመን ኖራለች፤ የየአገሩ የፊልም ታሪክ ጸሐፊ ለሌላው ይተዋታል። ሌላው ትዳሯ ነው። በጁላይ 1933 የከባድ ሚዛን ቦክሰኛውን ማክስ ሽሜሊንግን አገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጋዜጣው የሚጽፋት የእሱ ሚስት አድርጎ ነው። በ1935 «ኖክ አውት» በተባለ ፊልም አብረው ተውነዋል። ሽሜሊንግ በጁን 1936 ኒው ዮርክ ላይ ጆ ሉዊስን ሲያሸንፍ ኦንድራ ውጊያውን በሬዲዮ ያዳመጠችው በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት ነበር። ሥርዓቱ ባልና ሚስቱን ለገጽታው ተጠቅሞባቸዋል፤ ይህም ከጦርነቱ በኋላ ስሟን ለማንሳት የሚደፍረውን ሰው ቁጥር ቀነሰው። ላማች ናዚዎችን ሸሽቶ እንግሊዝ ገባ። ኦቶ ሄለርም እንግሊዝ ቀርቶ ከታላላቅ ካሜራማኖች አንዱ ለመሆን በቃ። ኦንድራ ከ1940ዎቹ በኋላ ብዙም አልተወነችም፤ ከሽሜሊንግ ጋር ሃምቡርግ አቅራቢያ በሆለንሽቴት ኖራ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1987 አረፈች። ትዳራቸው የተለያየው በሞት ብቻ ነው።

ሁለቱን ቅጂ አስተያይቶ ለማየት

በ1929 አብዛኞቹ የብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች የድምፅ መሣሪያ ስላልነበራቸው ፊልሙ በዲዳውም ቅጂ ተሰራጭቷል። ሁለቱም ተርፈዋል። ዲዳውን የብሪታንያ ፊልም ተቋም አድሶ በ2012 ለሕዝብ አሳይቶታል። ኦንድራን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዲዳው መጀመር አለበት፤ ፍጥነቷን፣ ቅብጥነቷን፣ ያልታሰረ ፊቷን መጀመሪያ ከዚያ ይያዝ። ቀጥሎ ተናጋሪውን ሲያይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ንግግር ያልፋሉና አይደናገጥ። ንግግር ሲጀመር ዓይኑን ከአሊስ ከንፈር ላይ ያድርግ፤ በተለይ ቃል ሊወጣ ሲል ያለችዋን ትንፋሽና ቃሉ ካለቀ በኋላ አፏ የሚዘጋበትን ጊዜ ይከታተል። አሊስ ከካሜራው ስትርቅ ድምፁ አብሮ መራቅ አለመራቁንም ያዳምጥ፤ ባሪ የያዘችው የራሷን ማይክሮፎን ነበርና። በመጨረሻ አጭሩን የድምፅ ሙከራ ይክፈት፤ ኦንድራ በገዛ ድምፅዋ በእንግሊዝኛ ስትናገርና ስትስቅ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።